የዓባይ በረሓ መንገድና የአውቶሞቢል አዲስ ጕልበት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጎጃም የሚሄድ መንገደኛ፥ ደጀን ከመድረሱ በፊት የዓባይን በረሓ መውረድና መውጣት ግድ ይሆንበታል። በቀድሞ ዘመን ይህ መንገድ በበቅሎና በእግር ይታለፍ ስለ ነበር፥ መንገደኛው ለበቅሎው ገብስ፥ ለራሱም ስንቅ አዘጋጅቶ፥ ወንዙ ሳይሞላ ለመሻገር ይጣደፍ ነበር። ዛሬ አስፋልት ተነጥፎ፥ ድልድይ ተሠርቶ፥ ጕዞው የሰዓቶች ጉዳይ ሆኗል። ዳሩ ግን ገደሉ ያው ገደል፥ ሙቀቱም ያው ሙቀት ነው፤ የሚፈትነው ግን የበቅሎን ጕልበት መሆኑ ቀርቶ የአውቶሞቢልን ሞተርና ፍሬን ሆኗል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስለ አገሩ መልክ እየተናገርን፥ በዘመናችን ብዙ ባለ አውቶሞቢሎች ስለሚመኙት ነገር፥ ይኸውም የሞተሩን ኮምፒዩተር አስለውጦ ጕልበት ስለ መጨመር፥ በተለያዩ ክረምቶች በተደረጉ ጕዞዎች ያየነውን ለተከበሩት አንባቢዎቻችን እንገልጻለን።

ይህ ምኞት በአሁኑ ጊዜ የበረታበት ምክንያት አለው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር በነዳጅ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ወሰነ፥ ደኅና የናፍጣ መኪና በእጁ ያለው ሰው ያለውን ጠብቆ፥ ቢቻልም አበርትቶ መያዝን ይመርጣል። መኪናውም ለብዙ ቤተ ሰብ የመጓጓዣ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ በገጠር የሚኖሩትን ሽማግሌዎች መጠየቂያ፥ የታመመውን ወደ ሐኪም ማድረሻ፥ ለሠርግና ለተዝካር መገናኛ ነው። ስለዚህ ነገሩ የባለ ጋራዦች ነገር ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰብም ነገር ነው።

አንድ ወዳጃችን ከደጀን ወጣ ብሎ፥ 18 ኪሎ ሜትር ያህል የአፈር መንገድ ተሄዶ በሚገኝ መንደር የሚኖሩ አሮጊት እናት አሉት። በ2010 ዓ.ም. በነሐሴ ወር እናቱ በጠና ታመው ሊያመጣቸው በሄደ ጊዜ፥ መኪናው ከአስፋልቱ ወርዶ ጥቂት እንደ ተጓዘ በጥቁሩ ጭቃ ሰጠመ። የመንደሩ ጐልማሶች እናቲቱን በቃሬዛ ተሸክመው፥ ከትከሻ ወደ ትከሻ እየተቀባበሉ፥ ከጧት እስከ ቀትር ተጉዘው አስፋልቱ ላይ አደረሷቸው። ከዚያም በኋላ መኪናው ተስቦ ወጥቶ የዓባይን ዳገት ሲወጣ፥ ከከባድ መኪናዎች በስተኋላ እያዘገመ ስለ ቆየ፥ በሽተኛዋ በበረሓው ሙቀት እጅግ ደከሙ። በእግዚአብሔር ቸርነት ዳኑ፤ ልጃቸው ግን ያን ቀን አልረሳውም። «መኪናዬ ጕልበት ቢኖራት ኖሮ እናቴ እንዲህ ባልተንገላቱ» እያለ ሲቈጭ ከረመና፥ በሚቀጥለው ዓመት የሞተር ኮምፒዩተር የሚለውጥ ጋራዥ አገኘ። እኛም በጕዞዎቹ ሁሉ አብረነው ነበርን።

መኪናው 3 ሊትር የናፍጣ ሞተርና ተርቦ ያለው፥ አራቱም ጎማ የሚነዳለት የቶዮታ ላንድ ክሩዘር ፕራዶ ነው። ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ የተጻፈለት ጕልበት 173 የፈረስ ጕልበት ያህል፥ የማዞር ኃይሉም 410 ኒውተን ሜትር ነው። በቀድሞዎቹ የናፍጣ ሞተሮች፥ ለምሳሌ በአገራችን በመስክ ሥራ በሚታወቀው ባለ 6 ሲሊንደር 4.2 ሊትር የላንድ ክሩዘር ሞተር፥ ናፍጣውን የሚመጥነው ፖምፓው ነበር፤ ጕልበት መጨመር የፈለገ መካኒክም የፖምፓውን ቡሎን በመፍቻ ጥቂት ያዞር ነበር። በዘመናዮቹ ሞተሮች ግን መጣኙ ኮምፒዩተሩ ነው። እርሱም በትንሽ ሣጥን ውስጥ እንደ ተቀመጠ የመዝገብ ቤት ሹም ነው ማለት ይቻላል። ነጂው ነዳጅ መስጫውን ምን ያህል እንደ ተጫነ፥ ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር፥ የሚገባው አየር ብዛቱና ሙቀቱ፥ የራዲያተሩ ውሃ ሙቀት፥ የናፍጣው ግፊት፥ ይህ ሁሉ በየቅጽበቱ ይነገረዋል። እርሱም በውስጡ የተጻፈለትን ሰንጠረዥ ተመልክቶ፥ ይህን ያህል ናፍጣ በዚህ ቅጽበት ይረጭ፥ ተርቦውም ይህን ያህል አየር ይጭመቅ ብሎ ያዛል። ፋብሪካው ይህን ሰንጠረዥ ሲጽፍ፥ መኪናው በብርድም በበረሓም፥ በባሕር ጠረፍም በተራራም፥ በጥሩም በመጥፎም ናፍጣ ሲሄድ እንዳይበላሽ ብዙ ኅዳግ ይተዋል። የጋራዡ ባለ ሙያ የሚያደርገውም ይህን ሰንጠረዥ እንደገና መጻፍ፥ የተተወውንም ኅዳግ ከፊሉን ወስዶ ወደ ጕልበት መለወጥ ነው።

አንባቢ እንዳይታለል፥ በዚህ ስም የሚሸጡት ነገሮች ሦስት ዓይነት መሆናቸውን ማወቅ ይገባዋል። አንደኛው አሁን የተናገርነው፥ ሰንጠረዡን ራሱን መለወጥ ነው። ሁለተኛው በሽቦ መካከል የሚገባ ትንሽ ሣጥን ሲሆን፥ ለኮምፒዩተሩ የሚደርሰውን ወሬ እያጣመመ፥ የናፍጣው ግፊት ከእውነቱ ያነሰ አስመስሎ፥ ግፊቱን እንዲጨምር ያደርገዋል። ሦስተኛው የነዳጅ መስጫውን ወሬ ብቻ የሚለውጥ ነው፤ ነጂው በጥቂት ሲጫን ብዙ እንደ ተጫነ ያስቈጥራል። ይህ ሦስተኛው ለሞተሩ አንዲት የፈረስ ጕልበት እንኳ አይጨምርለትም፤ ነገር ግን መኪናው ፈጥኖ ስለሚነሣ ብዙ ሰው ጕልበት የገዛ ይመስለዋል። ወዳጃችን ያስደረገው የመጀመሪያውን ዓይነት ሲሆን፥ ባለ ሙያውም የማዞር ኃይሉ ወደ 490 ገደማ እንደሚደርስ ነግሮት ነበር።

በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ ማለዳ ላይ ከአዲስ አበባ ወጣን። የእንጦጦን ዳገት አልፎ የሱሉልታ ሜዳ ሲገለጥ፥ ደመናው ከሣሩ ላይ ገና አልተነሣም ነበር። በዚህ ሜዳ ላይ የመኪናው ለውጥ ወዲያው ታወቀ። ቀድሞ ከዝግታ ወደ ፍጥነት ሲሸጋገር ሞተሩ ጥቂት አስቦ፥ ተርቦው እስኪነፋ ጠብቆ ይነሣ ነበር፤ አሁን ግን በደቂቃ 1,500 ጊዜ ገደማ መዞር እንደ ጀመረ ጕልበቱ ይመጣል። ከፊት የሚሄደውን ጭነት መኪና ለማለፍ ቀድሞ ረጅም ባዶ መንገድ ያስፈልግ የነበረው፥ አሁን በአጭሩ ይበቃል። ማርሹም ቶሎ ቶሎ አይለወጥም። ጫንጮንና ሙከጡሪን አልፈን ወደ ፍቼ ስንቃረብ ወዳጃችን ፊቱ በርቶ ነበር፤ ሾፌሩ ግን ዝም ብሎ ያዳምጥ ነበር። ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚገነጠለው መንገድ ዘንድ ቆመን ገደሉን ስናይ፥ ጭላዳ ዝንጀሮዎች በአፋፉ ሣር እየነጩ ይበሉ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አየር ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በደጋ አገር ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፥ ባቄላና ሥጋ ለመብሰል ከቆላው ይልቅ እንደሚዘገይ እመቤቶች ያውቃሉ። ምክንያቱ የአየሩ መሳሳት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል፥ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከአራት እጅ ሦስት እጅ ያህል ብቻ ነው። ናፍጣም ያለ አየር አይነድምና፥ ተርቦ የሌለው ሞተር በደጋ ከጕልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ተርቦ ያለው ግን ስስ የሆነውን አየር ጨምቆ ጕድለቱን ይሞላል፤ ይህን ለማድረግም ከቆላው ይልቅ ፈጥኖ መሽከርከር አለበት። የፋብሪካው ሰንጠረዥ ከፍታውን አይቶ፥ ተርቦው ከልኩ አልፎ እንዳይሽከረከር ትእዛዙን ይቀንሳል። ሰንጠረዡን የሚለውጠው ሰው ይህን ጥበቃ ካጠፋው፥ ወይም በሌላ አገር በባሕር ጠረፍ ላይ የተዘጋጀውን ጽሕፈት እንዳለ አምጥቶ ከጫነው፥ ተርቦው በደጋችን ላይ ሳይታወቅ ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ ባለ ሙያውን መጀመሪያ የምንጠይቀው «ስንት ጕልበት ትጨምርልኛለህ?» ብለን ሳይሆን፥ «ለከፍታው ምን አደረግህ?» ብለን መሆን አለበት።

ገብረ ጉራቻን አልፈን ጎሐ ጽዮን ስንደርስ ምድሩ በድንገት ተከፈተ። ከዚህ እስከ ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ከ2,500 ሜትር ገደማ ተነሥቶ በ20 ኪሎ ሜትር ያህል ውስጥ ከ1,000 ሜትር ጥቂት አለፍ ወዳለው ወንዝ ይወርዳል፤ ከዚያም መልሶ ይወጣል። ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፥ ከሥሩ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ፥ ቀጥሎ ጀሶውና ሸክላማው ምድር፥ ከታችም ቀዩ የአሸዋ ድንጋይ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደራርበው ይታያሉ። ምድሩ በክረምት ስለሚንሸራተት፥ አስፋልቱ በየቦታው ተጣጥፎና ተሰንጥቆ ይገኛል።

በዚህ ቁልቁለት ላይ አዲሱ ጕልበት ምን እንደሚጠቅም ማየት ፈልገን ነበር፤ ያየነውም ምንም እንደማይጠቅም ነው። ነጂው እግሩን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሣ ኮምፒዩተሩ ናፍጣውን ፈጽሞ ይዘጋል፤ የፋብሪካውም ሆነ የአዲሱ ሰንጠረዥ ትእዛዝ በዚያ ጊዜ አንድ ነው፥ እርሱም ባዶ ነው። የናፍጣ ሞተር ደግሞ በጠባዩ ከቤንዚኑ ይልቅ መኪናን የመግታት ኃይሉ ደካማ ነው። ስለዚህ ወራጁን የሚይዘው በዝቅተኛ ማርሽ መውረድና ፍሬን ብቻ ነው። ይልቁንም አዲሱ ጕልበት አንድ አደጋ ያመጣል። በሁለት ጠመዝማዛ መካከል ያለችውን ትንሽ ቀጥታ መንገድ መኪናው በቅጽበት ሊሮጥባት ስለሚችል፥ ነጂው ይታለላል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የነበረ መኪና ወደ 60 ቢደርስ፥ ፍጥነቱ በግማሽ ብቻ የጨመረ ይመስላል፤ ፍሬኑ የሚያበርደው ኃይል ግን ከሁለት እጅ በላይ ይሆናል። እንዲህ ያለው ነገር ደጋግሞ ሲደረግ ፍሬኑ ይግልና መያዝ ያቅተዋል። ሾፌራችን ዕድሜው የገፋ አስተዋይ ሰው ስለ ነበረ፥ ገና በአፋፉ ላይ ማርሹን ዝቅ አድርጎ፥ «መውጫው ማርሽ መውረጃው ነው» ብሎ ቀስ ብሎ ወረደ። ከታች ስንደርስ ጎማውን በእጃችን ብንቀርበው ሙቀቱ መጠነኛ ነበር።

በወንዙ ላይ ሁለት ድልድዮች ጎን ለጎን ይታያሉ። አንደኛው አሮጌው ሲሆን፥ ሁለተኛው በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው የሕዳሴ ድልድይ ነው፤ ርዝመቱ 300 ሜትር ያህል ሆኖ፥ ከዓምዶቹ በተዘረጉ ገመዶች ተይዟል። ዓባይም በነሐሴ የደጋውን አፈር ተሸክሞ፥ ቀልቶና ደፍርሶ ከሥሩ ያልፋል። አየሩ ሞቃትና ከባድ ነበር፤ ግፊቱ በዚህ ሥፍራ በባሕር ጠረፍ ካለው ከመቶው 88 ያህል ይደርሳልና፥ ሞተሩ እዚህ ከአዲስ አበባ ይልቅ በደንብ ይተነፍሳል።

ወደ ደጀን የሚያወጣው ዳገት ለአዲሱ ጕልበት የተሠራ መስሎ ታየን። ባለፈው ዓመት በሰዓት 30 ወይም 35 ኪሎ ሜትር እየተንፏቀቀ የወጣው መኪና፥ አሁን ሳይጨነቅ 50 ይሄድ ነበር። ጭነት መኪናዎቹን ለማለፍ አመቺ ቦታ ሲገኝ፥ ቶሎ አልፎ ወደ መሥመሩ ይገባል፤ ይህም በእውነት ከአደጋ የሚያድን ነገር ነው። ዳሩ ግን ግማሽ መንገድ ከወጣን በኋላ የውሃው ሙቀት መቍጠሪያ ከወትሮው በላይ ከፍ ማለት ጀመረ። ጕልበት ከናፍጣ እንጂ ከሌላ አይመጣም፤ ብዙ ናፍጣ ብዙ ሙቀት ነው፤ ራዲያተሩ ግን ያው የድሮው ራዲያተር ነው። የሞተሩ ፒስተን የሚሠራው ከአሉሚኒየም ሲሆን፥ ንጹሕ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ጢሱ ግን በረጅም ዳገት ላይ ከዚህ በላይ ሊሞቅ ይችላል። ፒስተኑን የሚያድነው ዘይቱና ውሃው ሳያቋርጡ ማብረዳቸው፥ ሙቀቱም ከልክ አልፎ አለመቆየቱ ነው። ሾፌሩ ይህን አውቆ ሳይታዘዝ እግሩን አላላና በ40 ኪሎ ሜትር መውጣት ጀመረ፤ የመቍጠሪያውም ልሳን ተመለሰ።

በስተኋላችን ደግሞ ጥቁር ጢስ አየን። ናፍጣው ከአየሩ ሲበዛ ሳይነድ የሚቀረው ጥላሸት ይሆናል፤ ይህንንም የሚተነፍሱት በመንገዱ ዳር ከሰልና ፍራፍሬ የሚሸጡት ሕፃናትና ሴቶች ናቸው። በሠለጠኑት አገሮች ነገሩ በሕግ የተያዘ ነው፤ በአሜሪካ በ1970 እ.ኤ.አ. የወጣው የንጹሕ አየር ሕግ የመኪናን የጢስ መከላከያ መነካካትን ይከለክላል። በኮምፒዩተር ውስጥ የተሸሸገ ጽሕፈት ምን ያህል እንደሚያታልልም በ2015 እ.ኤ.አ. ዓለም ሁሉ አይቷል፤ የጀርመኑ የፎልክስቫገን ኩባንያ በ11 ሚሊዮን ያህል መኪናዎች ላይ፥ በምርመራ ጊዜ ብቻ ጢሱን የሚያሳንስ ፕሮግራም ማስገባቱ በዚያ ዓመት ተገልጧልና። በሚገባ የተጻፈ ሰንጠረዥ ናፍጣውን ከአየሩ ጋር አስማምቶ ስለሚመጥን፥ ጥቁር ጢስ የጕልበት ምልክት ሳይሆን የሥራው ጕድለት ምልክት ነው።

ደጀን ምሳ በልተን ወደ አፈሩ መንገድ ገባን። የጎጃም ጥቁር አፈር ለጤፍ ተወዳዳሪ የሌለው ነው፤ ለመኪና ግን በክረምት የተደበቀ ጠላት ነው። ጎማው ላይ ይለጠፍና ጥርሱን ሁሉ ይሞላዋል፤ ከዚያ በኋላ ጎማው እንደ ተለሰነ ግድግዳ ለስልሶ ይቀራል። ወዳጃችን ለዚህ ሥፍራ ነበር ያን ሁሉ ገንዘብ ያወጣው። የሆነውም እንዲህ ነው። በአንዲት አጭር አቀበት ላይ ሾፌሩ እግሩን በጥቂት ሲጫን፥ ጕልበቱ በአንድ ጊዜ መጣ፤ አራቱም ጎማዎች ባሉበት ተሽከረከሩ፤ መኪናውም ወደ ፊት በመሄድ ፈንታ ወደ ታች ቈፈረ። ባለፈው ዓመት ከሰጠመበት ሥፍራ ቀድሞ ሰጠመ። ሾፌሩም ወርዶ ጭቃውን ከተመለከተ በኋላ፥ «ጌታዬ፥ ይህ መኪና እንደ ሰባ ፈረስ ሆኗል፤ በሜዳ ደስ ያሰኛል፤ በጭቃ ላይ ግን መርገጫውን አያይም» አለ። ወዳጃችንም መልስ አልሰጠም፤ ዓይኑን ወደ እናቱ መንደር አድርጎ ብዙ ጊዜ ቆመ። ያን ቀን የቀረውን መንገድ በእግር ሄድን።

ከዚህ የምንማረው፥ አስቸጋሪ መንገድ ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ነው። በአፋር ባለው አሸዋ ላይ፥ አሸዋው ጎማን ሳያቋርጥ ወደ ኋላ ስለሚጎትት፥ ፈጥኖ የሚደርስ ጕልበት በእርግጥ ይረዳል። በድንጋይና በጭቃ ላይ ግን የሚፈለገው፥ እግር በጥቂት ሲጫን ጥቂት ብቻ የሚሰጥ ልስልስ ትእዛዝ ነው። የጕልበት ወሰኑ መሬቱ በሚይዘው መጠን ነው፤ ጎማው ከሚይዘው በላይ የሚመጣው ሁሉ ጕድጓድ መቈፈሪያ ይሆናል።

ወዳጃችን ተመልሶ ለባለ ሙያው ያየውን ነገረው፤ እርሱም ነገሩን ሰምቶ ሰንጠረዡን እንደገና ጻፈው። የማዞሩን ኃይል ከቀድሞው ጭማሪ ወደ ግማሽ ዝቅ አደረገ፤ የነዳጅ መስጫውንም የመጀመሪያ እርምጃ እንደ ፋብሪካው አለሰለሰ፤ ጢሱም ጠፋ። ወዳጃችን ደግሞ ቀድሞ ያላሰበውን አደረገ፤ ጥርሳቸው የጠለቀና የተራራቀ የጭቃ ጎማዎች፥ ሰንሰለትና መጐተቻ ገመድ ገዛ፤ ራዲያተሩን አሳጠበ፤ የፍሬኑን ዘይት አስለወጠ። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ወደዚያው መንደር ስንሄድ፥ ሾፌሩ መኪናውን በዝቅተኛው ማርሽ አስገብቶ፥ የጎማውን ነፋስ ጥቂት ቀንሶ፥ ሳይቸኩልና ሳይቆም 18ቱን ኪሎ ሜትር ጨረሰ።

እናቲቱን ለምርመራ ይዘን ስንመለስ፥ ልጃቸው በዓባይ ዳገት ላይ «እናቴ፥ ዘገየንብዎት ይሆን?» ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም፥ «የለም ልጄ፤ አምና ካቻምና የጎዳኝ መዘግየቱ አልነበረም፤ መንገጫገጩና መደናገጡ ነበር። አሁን ደኅና ነኝ» አሉት።

ስለዚህ ይህን ሥራ ለማስደረግ የሚያስብ የቤት ጌታ አስቀድሞ ጥቂት ነገሮችን ይመርምር። ኢንጀክተሮቹ፥ ተርቦውና ራዲያተሩ ደኅና መሆናቸውን ሳያረጋግጥ ጕልበት መጨመር፥ ለደከመ በቅሎ ጭነት መጨመር ነው። በናፍጣ ውስጥ ውሃና ቆሻሻ ስለሚገኝ ፊልትሮውን ቶሎ ቶሎ ያስለውጥ። ማርሹና ፍሪሲዮኑ የተሠሩት ለፋብሪካው ኃይል መሆኑን ያስታውስ። መኪናው የፋብሪካ ዋስትና ካለው፥ ዋስትናው በዚህ ሥራ ሊቀርበት እንደሚችል ይወቅ። የፋብሪካው የቀድሞ ጽሕፈት ሳይጠፋ ተቀድቶ እንዲቀመጥለትም ባለ ሙያውን ግድ ይበለው፤ የሚያስከፋ ነገር ቢገኝ የሚመለሰው በእርሱ ነውና። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደ ተባለ፥ ከማሠራቱ በፊት መንገዱ የሚሻውን ነገር ለይቶ ይወቅ፤ ጕድለቱ ከጎማው ወይም ከነጂው እግር እንደ ሆነ፥ በኮምፒዩተር አይሞላም። መኪና የሚመሰገነውም ዳገቱን በፈጠነበት ሰዓት ሳይሆን፥ የተሳፈሩትን ሽማግሌዎችና ሕፃናት በደኅና ባደረሰበት ቀን ነው።